ሰዓቱን የያዘው ወገን

በካናዳ ፓርላማ አንድ ነገር ደጋግሞ ይሆናል። ገዥው ፓርቲ የምርጫ ሕጉን የሚያሻሽል ረቂቅ ያቀርባል። ተቃዋሚው «ይህ የሁላችንም ሕግ ነው፤ በጥድፊያ አይወጣም» ይላል። ገዥው ፓርቲ ድምፅ ያስቆጥርና የክርክሩን ሰዓት ይቆርጣል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሁለቱ ወንበር ይለዋወጡና ያው ንግግር ቃል በቃል በሌላ አፍ ይሰማል። እያንዳንዱ ጭቅጭቅ ለብቻው ሲታይ የአንድ ሰሞን ግርግር ይመስላል፤ ክሩ ሲጎተት ግን ወደ 140 ዓመት ይዘልቃል። ጥያቄውም በዚያ ሁሉ ዘመን አልተለወጠም፤ ዳኛውም ተጫዋቹም አንድ ወገን በሆነበት ጨዋታ፣ ፊሽካው መቼ እንደሚነፋ የሚወስነው ማን ነው? (ከዚህ በታች ያለው ዘመን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

1885፦ ማለቂያ የሌለው ንግግር

የካናዳ ፌዴሬሽን በ1867 ሲመሠረት፣ ማን ይመርጣል የሚለው ጉዳይ ለክፍላተ ሀገራቱ ተትቶ ነበር። ለፌዴራል ምርጫም የሚያገለግለው እነሱ ያዘጋጁት የመራጮች መዝገብ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጆን ኤ. ማክዶናልድ ይህን አልወደዱትም፤ ትልቁን ክፍለ ሀገር ኦንታሪዮን የሚያስተዳድሩት ተቀናቃኞቻቸው ሊበራሎች ነበሩና። ስለዚህ በ1885 ባቀረቡት ረቂቅ የመራጮች መዝገብ ወደ ፌዴራል መንግሥት እጅ እንዲገባ፣ መዝገቡን የሚያጣሩትንም ሹሞች መንግሥት ራሱ እንዲሾም አደረጉ።

ሊበራሎች ረቂቁን በድምፅ ሊጥሉት አይችሉም። በንግግር ሊያደክሙት ግን ይችላሉ። በዚያ ዘመን የአባላትን ንግግር የሚገድብ ደንብ አልነበረም፤ አንዱ እስኪደክመው ይናገራል፣ እሱ ሲቀመጥ ባልደረባው ይነሣል። ሐሙስ ኤፕሪል 30 ከሰዓት በኋላ የተከፈተው አንድ ስብሰባ የተዘጋው ቅዳሜ እኩለ ሌሊት ገደማ ነበር፤ 57 ሰዓት ያህል ማለት ነው። በዚሁ ጊዜ በሰሜን ምዕራብ በሉዊ ሪዬል የተመራ አመፅ ተነሥቶ ጦር ወደዚያ እየዘመተ ነበር።

ይህን ትግል የነፃነት ገድል ብቻ አድርጎ መተረክ ግን አይቻልም። ረቂቁ ንብረት ላላቸው የነባር ሕዝቦች ወንዶችም የመምረጥ መብት ይሰጥ ነበር። ሊበራሉ ዴቪድ ሚልስ ተነሥተው በአመፁ ስማቸው የሚነሣው የክሪ መሪዎች ፓውንድሜከርና ቢግ ቤርም ሊመርጡ ነው ወይ ብለው ጠየቁ፤ የምክር ቤቱም ክርክር ለብዙ ቀን በዚሁ ንቀት ተነከረ። ማክዶናልድም ቢሆኑ ቅዱስ አልነበሩም። ቻይናውያንን ከመራጭነት የሚያስወጣ ቃል ያስገቡት እሳቸው ናቸው። ባል የሌላቸውን ሴቶች ሊያስመርጥ የነበረውን አንቀጽም በመጨረሻ ለቀቁት። የነባር ሕዝቦቹም መብት በምሥራቁ ክፍል ብቻ ቀረ። ሕጉ በጁላይ ጸደቀ፤ ማክዶናልድም ለወዳጃቸው ለቻርልስ ተፐር በጻፉት ደብዳቤ ከሕይወታቸው ድሎች ሁሉ ትልቁ ይህ መሆኑን ነገሩት። በ1898 ሊበራሉ ዊልፍሬድ ሎሪየ ሥልጣን ላይ ሆነው ሕጉን ሲሽሩ መዝገቡ ወደ ክፍላተ ሀገራቱ ተመለሰ፤ ነባር ሕዝቦቹም ያገኙትን መብት አብረው አጡ።

ከ1885 ሁለት ትምህርት ተወሰደ። ተቃዋሚዎች ምላስ መሣሪያ መሆኑን አወቁ። ገዥዎች ደግሞ ይህን መሣሪያ የሚያስቀምጥ ደንብ እንደሚያስፈልጋቸው ገባቸው።

1913፦ በር የሚዘጋ ደንብ

አርአያው ለንደን ላይ ነበር። በ1881 የአየርላንድ ተወካዮች በቻርልስ ስቱዋርት ፓርኔል መሪነት የብሪታንያን ምክር ቤት 41 ሰዓት ያለ ዕረፍት ሲያናግሩት፣ አፈ ጉባኤው ሄንሪ ብራንድ በገዛ ሥልጣናቸው ክርክሩን አቋረጡ። በዓመቱ የክርክር መዝጊያ ደንብ ወጣ፤ በ1887 ደግሞ አባላቱ ራሳቸው «ጊሎቲን» ብለው የሰየሙት፣ ረቂቁን በተወሰነ ቀን የሚቆርጠው ዘዴ ተከተለ። ኦታዋ ግን ሌላ ሩብ ምዕተ ዓመት ቆየች። የለመደችው መላ ቢቸግር ምርጫ መጥራት ነበር። በ1896 የማኒቶባ ትምህርት ቤቶች ረቂቅ በንግግር ተውጦ ቀረ፤ በ1911 ሎሪየ ከአሜሪካ ጋር ያዘጋጁት የንግድ ስምምነት ሲታነቅባቸው ምክር ቤቱን በትነው ወደ ሕዝብ ሄዱ፣ ተሸነፉም።

ያሸነፏቸው ኮንሰርቫቲቩ ሮበርት ቦርደን ለብሪታንያ ባሕር ኃይል ሦስት የጦር መርከቦች መግዣ 35 ሚሊዮን ዶላር እንዲፈቀድ ጠየቁ። አሁን ተናጋሪዎቹ ሊበራሎች ሆኑ። በማርች 1913 ምክር ቤቱ ሁለት ሳምንት ከሰኞ እስከ ቅዳሜ እኩለ ሌሊት ሳይበተን ተቀመጠ። አባላቱ በፈረቃ ይተኙ ነበር።

በኤፕሪል ቦርደን የክርክር መዝጊያ ደንብ ይዘው መጡ። ችግሩ ደንቡ ራሱ ለክርክር የሚቀርብ መሆኑ ነው፤ ሎሪየ ማሻሻያ በማሻሻያ ላይ እየደረቡ ሊያንቁት ይችላሉ። ስለዚህ አንድ ብልሃት ተዘጋጀ። ቦርደን ንግግራቸውን ጨርሰው ሲቀመጡ ሎሪየና የባሕር ኃይል ሚኒስትሩ ጆን ዳግላስ ሄዘን እኩል ተነሡ። አፈ ጉባኤው ለሎሪየ ዕድል ሰጡ። ወዲያው ከመንግሥት ወገን «ሄዘን ይሰሙ» የሚል ሞሽን (ለድምፅ የሚቀርብ ሐሳብ) ቀርቦ በአብላጫ ድምፅ አለፈ፤ ሄዘንም ማሻሻያ እንዳይቀርብ የሚያግደውን ሞሽን አስገቡ። የሰባ አንድ ዓመቱ ሎሪየ፣ ለአሥራ አምስት ዓመት አገሪቱን የመሩት ሰው፣ በቆሙበት የመናገር ዕድላቸውን ተነጠቁ። ከዘዴው ቀማሪዎች አንዱ አርተር ሚየን የሚባል ወጣት የማኒቶባ ጠበቃ ነበር፤ በዚያው ጁን ሹመት አገኘ።

ደንቡ ቀላል ነው። አንድ ሚኒስትር አንድ ቀን አስቀድሞ ማስታወቂያ ይሰጣል። በማግስቱ ማንም ከ20 ደቂቃ በላይ፣ ከአንድ ጊዜም በላይ አይናገርም፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲሆን ድምፅ ይሰጣል። የመርከቦቹ ረቂቅ በዚህ መንገድ በሜይ ወር አለፈ። ሊበራሎች አብላጫ የያዙበት ሴኔት ግን ጣለው። ስለዚህ የ1913ቱ ጦርነት ከነመርከቦቹ ከንቱ ቀረ ማለት ይቻላል፤ የተረፈው ደንቡ ብቻ ነው።

1917፦ መራጩን መምረጥ

ደንቡ ከምርጫ ሕግ ጋር የተገናኘበት ጊዜ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ክፉው ነው፤ ስለዚህ ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

አውሮፓ ጦርነት ላይ ናት፤ ወዶ ዘማች እየተመናመነ ሄዷል። ቦርደን በ1917 የግዳጅ ምልመላ አወጁ። ኩቤክ ተቃወመች፣ ሎሪየም ተቃወሙ፤ ምርጫ ደግሞ በሩ ላይ ነው። በሴፕቴምበር መጀመሪያ ያ የማኒቶባ ጠበቃ ሚየን፣ አሁን ሚኒስትር ሆኖ፣ የጦርነት ጊዜ የምርጫ ሕግ የተባለውን ረቂቅ አቀረበ። ረቂቁ በአንድ እጁ ሰጠ፣ በሌላው ነሣ። ባሕር ማዶ ለዘመቱ ወታደሮች ሚስቶች፣ እናቶች፣ እህቶችና ሴት ልጆች የመምረጥ መብት ሰጠ፤ በፌዴራል ምርጫ በርካታ ሴቶች ሲመርጡ ይህ የመጀመሪያው ነው። በጠላት አገር ተወልደው ከማርች 1902 ወዲህ ዜግነት ያገኙትን፣ እንዲሁም በሃይማኖታቸው ምክንያት ጦር የማያነሡትን ሜኖናይቶችና ዱኮቦሮችን ደግሞ ከመራጭነት አወጣ። የወታደር ቤተሰብ ምልመላውን እንደሚደግፍ፣ በምዕራቡ ያለው ስደተኛ ደግሞ ለሊበራሎች እንደሚመርጥ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያሻም ነበር። የካናዳ የሴቶች መራጭነት ማኅበር ፕሬዚዳንት ዶክተር ማርጋሬት ጎርደን፣ ለኮንሰርቫቲቭ እመርጣለሁ ብሎ ያልማለ ሁሉ አይመርጥም ብሎ መጻፍ የበለጠ ሐቀኛ ይሆን ነበር ሲሉ ተናገሩ። ሕጉ የሚጠቅማቸው የሚመስሉ ሴት እንዲህ ማለታቸው ብዙ ይናገራል።

ይህ ረቂቅ ያለፈው በክርክር መዝጊያ ነው። ከቀረበበት ቀን አንሥቶ በሴፕቴምበር 20 የንጉሡን ፈቃድ እስካገኘበት ድረስ ሁለት ሳምንት ብቻ ፈጀ። በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ዜጋ ተብሎ የማለ ሰው ስሙ ከመዝገብ ሲፋቅ፣ ስለ እሱ የሚናገር ተወካይ የነበረው 20 ደቂቃ ነበር። ዲሴምበር 17 በተደረገው ምርጫ የቦርደን ጥምር መንግሥት 153 ወንበር ሲያገኝ ሎሪየ 82 አገኙ፤ ከነሱም 62ቱ የኩቤክ ናቸው። ቦርደን ያለዚህ ሕግም ሊያሸንፉ ይችሉ ነበር ብለው የሚከራከሩ አሉ። ቢሆንም ስደተኛው ምዕራብ ለኮንሰርቫቲቮች የያዘው ቂም ብዙ ዘመን ዘለቀ።

ከጦርነቱ በኋላ ነገሩ ለዘብ አለ። በ1918 ሴቶች በሰፊው የመራጭነት መብት አገኙ። በ1920 በወጣው ሕግ ደግሞ ዋና የምርጫ ሹም የሚባል ገለልተኛ ኃላፊ ተሾመ፤ ምርጫ ማስፈጸም ከሚኒስትሮች እጅ ወጣ። ሕጉን ማውጣት ግን ያው በፓርላማ እጅ ቀረ።

1956፦ ወደ ኋላ የዞረው ሰዓት

ለብዙ አሥርት ዓመታት የክርክር መዝጊያ አልፎ አልፎ ብቻ የሚወጣ መሣሪያ ነበር። ስሙን ያጠፋው የምርጫ ሕግ ሳይሆን የጋዝ ቧንቧ ነው። በሜይ 1956 የንግድ ሚኒስትሩ ሲ. ዲ. ሃው ከአልበርታ ወደ ምሥራቅ ለሚዘረጋ ቧንቧ እስከ 80 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ብድር የሚፈቅድ ሐሳብ አቀረቡ፤ ተቃዋሚ ገና አፉን ሳይከፍት፣ በዚያው በመክፈቻ ንግግራቸው ክርክሩ እንደሚዘጋ ማስታወቂያ ሰጡ። በየደረጃው እንዲሁ እያደረጉ አራት ጊዜ ዘጉት። ኮንሰርቫቲቩ ዶናልድ ፍሌሚንግ አልቀመጥም ብለው ከምክር ቤት ተባረሩ፤ ባልደረባቸው ኤለን ፌርክላፍ ባዶውን ወንበር ሰንደቅ ዓላማ አለበሱት።

ጁን 1 «ጥቁር ዓርብ» ተባለ። አፈ ጉባኤው ረኔ ቦዶዋን ሐሙስ ዕለት ለተቃዋሚዎች ሰፊ ክርክር የሚከፍት ሐሳብ ተቀብለው ነበር። ዓርብ ሲገቡ ተሳስቻለሁ አሉና ምክር ቤቱ ትናንት ከቀኑ 11 ሰዓት ከሩብ ወደነበረበት ይመለስ የሚል ሐሳብ ለድምፅ አቀረቡ። አለፈም። የሲሲኤፍ ፓርቲ መሪ ኮልድዌል፣ በጨዋነታቸው የታወቁ ሰው፣ እጃቸውን ጨብጠው እያወዛወዙ ወደ አፈ ጉባኤው ወንበር ሄዱ። ረቂቁ መንግሥት በፈለገው ጊዜ ጸደቀ፤ ሊበራሎች ግን በዓመቱ በጁን 1957 ከ22 ዓመት ሥልጣን በኋላ ተሸነፉ።

አሸናፊው ጆን ዲፈንቤከር ስድስት ዓመት ሲመሩ የክርክር መዝጊያን አንድ ጊዜም አልተጠቀሙም። በ1960 ነባር ሕዝቦች መብታቸው ሳይነካ እንዲመርጡ ያደረጉትም እሳቸው ናቸው፤ ሰዓት መቁረጥም አላስፈለጋቸውም።

1969፦ ግርግር የሌለው መቁረጫ

የ1956ቱ ትዝታ ለመንግሥታት ሌላ ትምህርት ሰጠ። መዝጊያው ጫጫታ ስለሚያስነሣ ጸጥ ያለ ነገር ያስፈልጋል። ፒየር ትሩዶ በ1968 አብላጫ ይዘው ሲመጡ የምክር ቤቱ ደንብ በሰፊው ታደሰ፤ ቀሪው አወዛጋቢ ክፍል በጁላይ 1969 መጣ። ለእያንዳንዱ ረቂቅ፣ ለእያንዳንዱ ደረጃ፣ ክርክሩ ስንት ቀን እንደሚፈጅ አስቀድሞ የሚወስን ደንብ ነው። ፓርቲዎች ሁሉ ከተስማሙ መልካም፤ አብዛኞቹ ከተስማሙም ይሆናል፤ ማንም ባይስማማ ደግሞ መንግሥት ብቻውን ቢያንስ አንድ ቀን ሰጥቶ መወሰን ይችላል። የመጨረሻዋ መንገድ ናት ነገሩ ሁሉ። ተቃዋሚዎች ይህን ደንብ ለሳምንታት ተከራከሩት፤ መንግሥትም ክርክሩን በአሮጌው መዝጊያ ዘግቶ አዲሱን መቁረጫ አጸደቀ። ትሩዶ በዚያ ሰሞን የምክር ቤት አባላት ከፓርላማው ኮረብታ ጥቂት እርምጃ ሲርቁ ማንም የማያውቃቸው ሰዎች ናቸው ብለው ተሳለቁ።

ከዚያ ወዲህ ቦርደን ብዙ የታገሉለት ነገር ተራ የቢሮ ሥራ ሆነ። ሚኒስትሩ ተነሥቶ አንድ አንቀጽ ያነባል፣ ደወል ይደወላል፣ ይቆጠራል፣ ያልቃል። ሊበራልም ኮንሰርቫቲቭም አብላጫ ሲይዝ ተጠቀመበት። አንድ አገር አቀፍ ጋዜጣ በፊት ገጹ ሊያወጣው የማይበቃ ነገር ሆነ፤ ዕድሜ የሰጠውም ይኸው ተራነቱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከ2011 እስከ 2014፦ ሁለት ዓመት ጥበቃ፣ ጥቂት ቀን ክርክር

በሜይ 2011 ምርጫ ስቲቨን ሃርፐር 39.6 በመቶ ድምፅ አግኝተው አብላጫ ወንበር ያዙ። በዚያው የምርጫ ዕለት በኦንታሪዮዋ ጉወልፍ ከተማ ከ6,000 በላይ ስልኮች ጮኹ። የተቀዳ ድምፅ ከምርጫ ኮሚሽን የተደወለ መስሎ «ድምፅ መስጫ ጣቢያዎ ተቀይሯል» ይላል። ሐሰት ነበር። በኋላ አንድ የኮንሰርቫቲቭ የምርጫ ዘመቻ ሠራተኛ በዚህ ተከሶ ተፈረደበት። በቶሮንቶ ኢቶቢኮ ሴንተር ደግሞ አሸናፊው በ26 ድምፅ ብቻ በልጦ ስለነበር ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ፍርድ ቤቱ የምርጫ ጣቢያ ሠራተኞች የወረቀት ስሕተት የመራጩን ድምፅ አያሽርም ብሎ 4 ለ3 ፈረደ። ከዚያ በኋላ ሃሪ ኑፌልድ የተባሉ የምርጫ ባለሙያ የጣቢያ አሠራሩን መርምረው ስሕተቱ ብዙ እንደሆነ፣ ማጭበርበር ግን እንዳልሆነ ጻፉ።

በማርች 2012 ምክር ቤቱ በሙሉ ድምፅ፣ ኮንሰርቫቲቮችም ጭምር፣ ለምርጫ መርማሪዎች የበለጠ ሥልጣን የሚሰጥ ረቂቅ በስድስት ወር ውስጥ ይቅረብ አለ። ስድስት ወሩ አለፈ። በ2013 ጸደይ ሊቀርብ ቀን ተቆርጦለት የነበረ ረቂቅ በመጨረሻው ሰዓት ተሰወረ። በመጨረሻ ፌብሩዋሪ 4 ቀን 2014 የዴሞክራሲ ማሻሻያ ሚኒስትሩ ፒየር ፖሊየቭር «ፍትሐዊ ምርጫ» የሚል ስም ያለው ሲ-23 ረቂቅ አስገቡ። ከ200 ገጽ በላይ ነበር። በማግስቱ ክርክር ተጀመረ፤ በሦስተኛው ቀን መንግሥት ሰዓቱን ቆረጠ፤ ፌብሩዋሪ 10 በሁለተኛ ንባብ አለፈ። ሁለት ዓመት ያስጠበቀ ረቂቅ ሁለት ሳምንት መታገሥ አቃተው።

ውስጡ ምን ነበር? ተቃዋሚን ያስደነገጡት አራት ነገሮች ናቸው። የምርጫ ወንጀል መርማሪው ከምርጫ ኮሚሽን ወጥቶ ወደ አቃቤ ሕግ መሥሪያ ቤት ይዛወራል፤ ኮሚሽኑ የለመነው፣ ምስክርን አስገድዶ የማናገር ሥልጣን ግን የለም። ዋናው የምርጫ ሹም ለሕዝብ ስለ ምርጫ የሚናገሩት ይገደባል። ፓርቲዎች የቆዩ ለጋሾቻቸውን ገንዘብ ለመጠየቅ የሚያወጡት ወጪ ከምርጫ ወጪ ጣሪያ ውጭ ይሆናል። ከሁሉ በላይ ግን ሰውን የነካው መታወቂያ ነው።

እዚህ ላይ ቀረብ ብሎ ማየት ይበጃል። ካናዳ የነዋሪነት መታወቂያ የሚባል ነገር የላትም። መራጩ ስሙንም አድራሻውንም ማሳየት አለበት፤ ሁለቱን ከፎቶ ጋር በአንድ ላይ የሚያሳይ፣ በብዙ ሰው ኪስ ውስጥ ያለ ወረቀት ቢኖር መንጃ ፈቃድ ነው። ፓስፖርት ብቻውን አያገለግልም፤ የታተመ አድራሻ የለበትም። መንጃ ፈቃድ የሌላቸው አረጋዊት፣ በነባር ሕዝቦች መንደር የሚኖር ሰው፣ ቤት በየዓመቱ የሚቀይር ተማሪ፣ ገና ዜግነት ያገኘና ዘመድ ቤት የተጠጋ ስደተኛ በዚህ ይያዛሉ። በቶሮንቶ ወይም በኤድመንተን ኪራይ ቤት የሚኖር የአበሻ ልጅ ታክሲ ካልነዳ በቀር በዚሁ ወገን ሊገኝ ይችላል። እነዚህ ሰዎች ሁለት መውጫ ነበራቸው፤ ጎረቤት ወይም ዘመድ ምርጫ ጣቢያ ላይ «አውቀዋለሁ፣ እዚህ ነው የሚኖረው» ብሎ መማል፣ ወይም የምርጫ ኮሚሽኑ በፖስታ የላከውን የመራጭነት ካርድ ከሌላ መረጃ ጋር ማሳየት። በ2011 በምስክር የመረጡት 120,000 ያህል እንደነበሩ ይገመታል። ሲ-23 ሁለቱንም ዘጋ። ሚኒስትሩ ለዚህ የኑፌልድን ጥናት ጠቀሱ፤ ኑፌልድ ግን ጥናቴ እንዲህ አይልም ብለው ተቃወሙ።

ሰዓት ሲቆረጥ ምን እንደሚጠፋ ያሳየ ትንሽ ገጠመኝ በዚያው ሳምንት ተፈጠረ። አንድ የገዥው ፓርቲ አባል በምክር ቤት ተነሥቶ የመራጭነት ካርዶች ከቆሻሻ ተለቅመው ለማጭበርበር ሲውሉ በዓይኔ አይቻለሁ አለ። ረቂቁ ሁለተኛ ንባብን አለፈ። ከዚያ በኋላ በፌብሩዋሪ መጨረሻ ያው ሰው ተመልሶ፣ በዓይኔ አላየሁም፣ አባባሌ ስሕተት ነበር አለ። ጉዳዩ ወደ ኮሚቴ ይመራ የሚለው የተቃዋሚ ሐሳብ በአብላጫ ድምፅ ወደቀ።

በምክር ቤት ያልተሠራው ክርክር ከምክር ቤት ውጭ ተሠራ። በኮሚቴ የኤንዲፒ ፓርቲው ዴቪድ ክሪስቶፈርሰን ረቂቁ በየክፍለ ሀገሩ ሕዝብ ይስማው ብለው ለሰዓታት እየተናገሩ ሥራውን አዘገዩ። ከ150 በላይ ፕሮፌሰሮች ተቃውሞ ፈረሙ። ዋናው የምርጫ ሹም ማርክ ሜይራንድ መብት ይነካል ብለው መሰከሩ፤ የቀድሞዋ ዋና ኦዲተር ሺላ ፍሬዘር፣ በሁሉም ወገን የሚከበሩ ሴት፣ ተቆጡ። ኮንሰርቫቲቮች የሚበዙበት የሴኔት ኮሚቴም ሳይቀር ይስተካከል አለ። ኤፕሪል 25 ፖሊየቭር አፈገፈጉ። የለጋሾቹ ወጪ ነፃነት ተነሣ፤ ሹሙ እንዲናገሩ ተፈቀደ፤ መታወቂያ ይዞ የአድራሻ ማረጋገጫ የሌለው ሰው በሌላ ሰው ፊርማ እንዲመርጥ ተደረገ። ካርዱ ግን አልተመለሰም። ይህን ሳይ፣ ክርክር ከንቱ ልፍለፋ ነው ለሚሉ መልስ የሚሆን ይመስለኛል። በጥቂት ቀን ቢያልቅ ኖሮ ከነዚህ አንዱም አይታረምም ነበር።

በዚያ ጸደይ ሊበራሎች አንድ ሞሽን አቀረቡ፤ የምርጫ ሕግንና የፓርላማ ሕግን በሚያሻሽል ረቂቅ ላይ የክርክር መዝጊያም ሆነ የጊዜ ገደብ ፈጽሞ አይሠራ የሚል። ኮንሰርቫቲቮች ጣሉት። ኮሚቴው እስከ ሜይ 1 እንዲጨርስ ቀን ተቆርጦለት ስለነበር፣ ተራቸው ያልደረሰ አንቀጾች ያለ ክርክር ድምፅ ተሰጠባቸው። ሜይ 13 ምክር ቤቱ ረቂቁን 146 ለ123 አጸደቀ።

ከ2015 እስከ 2018፦ ወንበር ሲገላበጥ

በኦክቶበር 2015 ጀስቲን ትሩዶ፣ የፒየር ልጅ፣ አሸነፉ። ሲ-23ን እንሽራለን፣ ፓርላማን እናከብራለን ብለው ነበር የመጡት። በሜይ 2016 መንግሥታቸው ምክር ቤቱን እንደ ፈለገ የሚያስቀምጥበትና የሚበትንበት ሥልጣን የሚሰጥ ሞሽን አቀረበ። ተቃዋሚው ተቆጣ። ሜይ 18 በሕክምና የታገዘ ሞትን የሚመለከት ረቂቅ ላይ ሰዓት ለመቁረጥ ድምፅ ሊሰጥ ሲል ጥቂት የኤንዲፒ አባላት መተላለፊያው ላይ ቆመው የኮንሰርቫቲቩን ተጠሪ አላሳልፍ አሉ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከወንበራቸው ተነሥተው መጡና ሰውየውን ክንዱን ይዘው ጎተቱት፤ በክርናቸው አንዲት የኤንዲፒ አባል ደረት መቱ። ደጋግመው ይቅርታ ጠየቁ፤ ሞሽኑም በማግስቱ ተነሣ።

የምርጫ ሕጉስ? የመራጭነት ካርዱን የሚመልስ አጭር ረቂቅ በ2016 መጨረሻ ገብቶ ከመጀመሪያ ንባብ ሳያልፍ ዓመት ተኩል ተቀመጠ። በኤፕሪል 2018 መጨረሻ እሱን የዋጠ ትልቅ ረቂቅ፣ ሲ-76፣ ቀረበ። ካርዱንና ምስክርነትን መለሰ፤ መርማሪውን ወደ ምርጫ ሹሙ ቢሮ መለሰ፤ ከአምስት ዓመት በላይ ውጭ አገር የኖረ ዜጋም እንዲመርጥ ፈቀደ። የሚቀጥለው ምርጫ በ2019 መጸው ነው፤ የምርጫ ሹሙ መሥሪያ ቤት ደግሞ ለዝግጅት ጊዜ ያንሰኛል እያለ ነው። ስለዚህ በሜይ ሊበራሎች በሁለተኛ ንባብ ላይ ሰዓቱን ቆረጡ። ከአራት ዓመት በፊት በምርጫ ሕግ ላይ ሰዓት አይቆረጥ የሚል ሞሽን ያቀረቡት እነሱ ናቸው። ኮንሰርቫቲቮች ያንን ሞሽን ከመዝገብ አውጥተው በምክር ቤት አነበቡላቸው፤ ያኔ ሞሽኑን የጣሉት ግን እነሱ መሆናቸው እምብዛም አላሳፈራቸውም። ከዚያ በኮሚቴ ተራው የነሱ ሆነና በንግግር አዘገዩት። ረቂቁ በዲሴምበር ሕግ ሆነ።

በይዘት ካየነው ሲ-76 ከሲ-23 የተሻለ ነው ብዬ እፈርዳለሁ፤ በር ከፈተ እንጂ አልዘጋም። የጥድፊያው ምክንያት ግን አሳማኝ አይደለም። ረቂቁን ዓመት ተኩል ያስቀመጠው ራሱ መንግሥት ነው፤ ራሱ ያባከነውን ጊዜ ከተቃዋሚ ንግግር ላይ ቀንሶ ከፈለ።

ከ2024 እስከ 2025፦ በንግግር ብዛት የሞተው ረቂቅ

በማርች 2024 ሌላ የምርጫ ረቂቅ ገባ፤ ሲ-65። ለኦክቶበር 20 ቀን 2025 የተቆረጠው ምርጫ ከሂንዱዎች የዲዋሊ በዓል ጋር ስለገጠመ በሳምንት ይገፋ ይላል። አንድ ሰው ቀን ቆጠረ። የፓርላማ አባል ጡረታ የሚያገኘው ስድስት ዓመት ሲሞላው ነው፤ በኦክቶበር 21 ቀን 2019 የተመረጡት በዚያች አንድ ሳምንት ጡረታቸውን ይሞላሉ። ከዚያ በኋላ ስለ ቅድመ ምርጫ ቀናት፣ ስለ ነርሲንግ ቤት መራጮች የሚያወራው ረቂቅ በሕዝብ ጆሮ የጡረታ ረቂቅ ሆኖ ቀረ። መንግሥትም አብላጫ ስለሌለው ሰዓት ለመቁረጥ የሌላ ፓርቲ ድምፅ ያስፈልገዋል፤ ኤንዲፒ ደግሞ መንግሥትን ለመደገፍ የገባውን ስምምነት በሴፕቴምበር አፈረሰ። ከዚያ ወር መጨረሻ እስከ ዲሴምበር ምክር ቤቱ በአንድ የመንግሥት የአረንጓዴ ቴክኖሎጂ ፈንድ ሰነዶች ክርክር ተጠምዶ ሌላ ሥራ ሊሠራ አልቻለም። ጃንዋሪ 6 ቀን 2025 ትሩዶ የፓርላማውን ዘመን ሲዘጉ ሲ-65 ከሌሎች ረቂቆች ጋር ሞተ።

ምርጫው በኤፕሪል 28 ተደረገ። ፖሊየቭር፣ አሁን የኮንሰርቫቲቮች መሪ፣ ከ2004 ጀምሮ የቆዩበትን የኦታዋ አካባቢ ወንበር አጡ። በዚያ የምርጫ ክልል ወረቀቱ ላይ 91 ስም ተደርድሮ ነበር፤ አብዛኞቹን ያሰለፈው ፖለቲከኞች የራሳቸውን የምርጫ ደንብ ከሚያወጡ ይልቅ ሥልጣኑ ለዜጎች ጉባኤ ይሰጥ የሚል የተቃውሞ ቡድን ነው። በኦገስት በአልበርታ ለፖሊየቭር በተዘጋጀው የማሟያ ምርጫ ዕጩዎቹ 214 ደረሱ፤ ስማቸውን ማተም ስላልተቻለ መራጩ በባዶ ወረቀት ላይ የሚመርጠውን ስም በእጁ ጻፈ።

ከዚያ ቀደም ብሎ በጁላይ ፖሊየቭር ይህን ዓይነት የዕጩ ሰልፍ የሚከለክል ሕግ ይውጣ ብለው ደብዳቤ ጻፉ። የላኩት በምክር ቤቱ የመንግሥት ተጠሪ ለነበሩት ለስቲቨን ማኪነን ነው፤ በኦታዋ የክርክር ሰዓት ይቆረጥ የሚለውን ሞሽን አብዛኛውን ጊዜ ይዞ የሚነሣውም የዚህ ወንበር ባለቤት ነው።